ዋርፋሪን ይሻላል ወይስ አዲሶቹ የደም ማቅጠኛዎች? አንጎልን ያስቀደመ ንጽጽር

ሐኪሙ «የደም ማቅጠኛ መጀመር አለባቸው» ካለ በኋላ ቤት ውስጥ ክርክር ይነሳል። አንዱ «ዋርፋሪንኮ የአይጥ መርዝ ነው» ይላል። ሌላዋ ከአሜሪካ ደውላ «እዚህ ሁሉም ኤሊኩዊስ ነው የሚወስደው፣ እልካለሁ» ትላለች፤ ከአዲሶቹ የአንዱ የንግድ ስም ነው። ሦስተኛው «አስፕሪን ምን አጠፋ?» ባይ ነው። ሦስቱም ከእውነት ቅንጣት ይዘዋል። ዋናውን ጥያቄ ግን አንዳቸውም አልጠየቁም፦ የታማሚው የልብ ቫልቭ ምን ዓይነት ነው?

ይህ ጽሑፍ የልብ ምታቸው ለተዛባ ሰዎች ነው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለውን ማለቴ ነው። ስትሮክን ለመከላከል የሚሰጡትን መድኃኒቶች እናወዳድራለን። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ከሐኪም ጋር ለሚደረግ ውይይት መነሻ ይሁን እንጂ፣ ይህን አንብቦ መድኃኒት ማቆምም ሆነ መቀየር አይገባም።

ትሮምቢን፦ ደም የሚያረጋው፣ አንጎልንም የሚጎዳው

ደም የሚረጋው በኤንዛይሞች ቅብብል ነው። የቅብብሉ መጨረሻ አካባቢ ያለው ዋነኛው ኤንዛይም ትሮምቢን ይባላል። ጥሬ እቃውን፣ ፕሮትሮምቢንን፣ ጉበት በቫይታሚን ኬ እርዳታ ይሠራዋል። የደም ሥር ሲቆስል ወይም ደም አንድ ቦታ ሲተኛ ፕሮትሮምቢን ወደ ትሮምቢን ይለወጣል። ትሮምቢን ደግሞ በደም ውስጥ የሟሟውን ፋይብሪኖጅን ወደ ፋይብሪን ክር ይቀይራል። ፕሌትሌት የሚባሉትን፣ ቁስል ላይ ተጣብቀው ደም የሚያቆሙ ጥቃቅን የደም ሴሎችንም ይቀሰቅሳል። ደም ረጋ ማለት ይህ ነው።

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሲኖር የልብ የላይኛው ክፍል በወጉ መኮማተሩን ይተውና ይርገበገባል። ደሙ በተለይ በግራ በኩል ባለችው ኪስ ውስጥ ይተኛል፣ ይረጋል። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ይሆናል። ይህ የልብ ምት መዛባት የስትሮክን ዕድል አምስት እጥፍ ገደማ ያሳድጋል። የሚያመጣውም ስትሮክ ብዙ ጊዜ ከባዱ ነው። በ2006 የታተመ አንድ ስሌት እንደሚለው፣ ትልቅ የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ሲቆይ በየደቂቃው ወደ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴሎች ይሞታሉ።

እስከዚህ ያለው የሚታወቅ ታሪክ ነው። ትሮምቢን ከደም ሥር ወጥቶ አንጎል ውስጥ ሲገባ የሚያደርገው ግን ብዙም አይወራም። በ1991 ትሮምቢን የሚያዝበት ተቀባይ ተለይቶ ታወቀ፤ ስሙ ፓር-1 ነው። ተቀባዩ ፕሌትሌት ላይ ብቻ አይደለም ያለው። በነርቭ ሴሎች ላይም፣ እነሱን በሚደግፉት ሴሎች ላይም ይገኛል። ትሮምቢን የተቀባዩን ጫፍ ይቆርጠዋል። የቀረው ጫፍ ራሱ ተቀባዩን ይቀሰቅሰዋል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መጠኑ ይወስነዋል። በላብራቶሪ እንደታየው፣ በጣም ጥቂት ትሮምቢን የነርቭ ሴልን ጉዳት እንዲቋቋም ያጠነክረዋል። ሲበዛ ግን ካልሲየም ሴሉ ውስጥ ይጎርፋል፣ ሴሉም ይሞታል። አንጎል ውስጥ ደም ሲፈስ የሚመጣው የመጀመሪያው ቀን እብጠት በአብዛኛው የትሮምቢን ሥራ መሆኑ በአይጥ ሙከራ ታይቷል። ሂሩዲን ሲሰጣቸው እብጠቱ ቀንሷል። ሂሩዲን ከአልቅት ምራቅ የተገኘ ትሮምቢን አጋጅ ነው። ከቀናት በኋላ ደግሞ የፈሰሱት ቀይ የደም ሴሎች ይፈነዱና ሄሞግሎቢንና ብረት ይለቃሉ። ያ ሁለተኛው ዙር ጉዳት ነው።

ይህ ለመድኃኒት ምርጫ ምን ያደርጋል? ብዙ ያደርጋል። ደም ማቅጠኛ ስንመርጥ የምንፈራው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ከልብ ተነስቶ የአንጎልን ደም ሥር የሚዘጋው የረጋ ደም ነው። ሌላው አንጎል ውስጥ የሚፈስ ደም ነው። ነስርና የድድ መድማት ያስደነግጣሉ እንጂ ብዙውን ጊዜ ይቆማሉ። የጨጓራ መድማት አደገኛ ነው፤ ግን ደም ይሰጣል፣ ይታከማል። ራስ ቅል ውስጥ የፈሰሰ ደም ግን ቦታ ያጣብባል፤ ከዚያ በላይ ትሮምቢኑን ይዞ ይገባል። ስለዚህ እኔ ሁለት መድኃኒት ሲወዳደር መጀመሪያ የማየው ጠቅላላውን የመድማት ቁጥር አይደለም። የአንጎሉን ነው።

አስፕሪንን በአጭሩ እንሸኘው

አስፕሪን የሚሠራው ፕሌትሌት ላይ ነው። የትሮምቢንን መመረት አያቆምም። ልብ ውስጥ ተኝቶ የሚረጋው ደም ደግሞ በአብዛኛው የትሮምቢንና የፋይብሪን ጣጣ ነው። በ2011 የታተመው አቬሮስ የተባለ ጥናት ዋርፋሪን የማይሆንላቸውን ታማሚዎች በሁለት ከፈለ። አስፕሪን ከወሰዱት በዓመት 3.7 በመቶው ስትሮክ ወይም ወደ ሌላ አካል የሄደ የረጋ ደም ገጠማቸው። አፒክሳባን ከወሰዱት 1.6 በመቶው ብቻ። ከባድ መድማቱ ደግሞ ተቀራራቢ ነበር፦ 1.2 እና 1.4 በመቶ። «አስፕሪን ቀለል ያለ ስለሆነ ለአዛውንት ይሻላል» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ይወድቃል። አስፕሪን ለልብ ደም ሥር መጥበብ ጥሩ መድኃኒት ነው። ለዚህኛው ችግር ግን ምርጫ ውስጥ አይገባም።

ዋርፋሪን፦ ሽማግሌው

የአይጥ መርዝ ነው የሚለው ወሬ ሐሰት አይደለም። በ1920ዎቹ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች እየደሙ ይሞቱ ነበር። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የካርል ሊንክ ቡድን የችግሩን ኬሚካል ለየው። ከዚያ የመጣው ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ ማጥፊያ ወጣ። በ1954 ደግሞ ለሰው ተፈቀደ። በቀጣዩ ዓመት ልባቸውን ያመማቸው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ወስደውታል። መርዝነቱ በመጠኑ ነው። የዚህ መድኃኒት ሕክምና በሙሉ ደግሞ መጠን መቆጣጠር ነው።

ዋርፋሪን ቫይታሚን ኬ ተመልሶ ሥራ ላይ እንዳይውል ያግዳል። ስለዚህ ጉበት ፕሮትሮምቢንን ጨምሮ አራት የደም ማርጊያ ፋክተሮችን በወጉ መሥራት ያቅተዋል። ሙሉ ጉልበቱን ለማግኘት አምስት ቀን ገደማ ይፈጃል። ሲያቆሙትም በአንድ ቀን አይጠፋም። ልኩ የሚታወቀው አይኤንአር በሚባል የደም ምርመራ ነው። ለአብዛኛው ሰው ከ2 እስከ 3 ድረስ ይፈለጋል። በማይትራል ቦታ (በግራ በኩል በላይኛውና በታችኛው የልብ ክፍል መካከል) ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ ላለው ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። ከ2 በታች ከወረደ ደም ይረጋል። ከ4 በላይ ከወጣ አንጎል ውስጥ የመድማት ዕድሉ ያሻቅባል።

አስቸጋሪነቱ ከሁሉም ነገር ጋር መነካካቱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነውና።

መጀመሪያ ምግብ። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ቫይታሚን ኬ አላቸው፤ የዋርፋሪንን ጉልበት ይቀንሳሉ። ከዚህ ተነስቶ «ጎመን እንዳትቀምሱ» የሚል ምክር ይሰጣል። ትክክል አይደለም። የሚያስፈልገው እኩልነት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ጎመን የሚበላ ሰው በዚያው ይቀጥል፤ የዋርፋሪኑ መጠን በዚያ ይስተካከልለታል። ችግሩ የሚመጣው ድንገት ሲለወጥ ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋና ወተት ይቀርና ጎመንና ቆስጣ ገበታውን ይሞሉታል። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ሁሉም ይገለበጣል። ዋርፋሪን የሚወስድ ጿሚ ጾሙ በገባ በሳምንትና በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ እንዲሁም ከፋሲካ በኋላ አይኤንአሩን ቢያሳይ ብልህነት ነው። ይህን ቀጠሮ ራስዎ ይጠይቁ።

ቀጥሎ ሌሎች መድኃኒቶች። ሆድ ሲያም ያለ ማዘዣ የሚገዛው ፍላጅል (ሜትሮኒዳዞል) የዋርፋሪንን ጉልበት በኃይል ይጨምራል። ባክትሪም የተባለው አንቲባዮቲክም እንዲሁ። ለፈንገስ የሚሰጠው ፍሉኮናዞልም ያው ነው። በተቃራኒው የቲቢው ሪፋምፒሲን ያዳክመዋል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ካርባማዜፒንና ፌኖባርቢታልም ያዳክሙታል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ አይኤንአሩ ልክ ቢሆን እንኳ ጨጓራን ያደማሉ። የዲክሎፌናክ መርፌ መቀመጫ ላይ መወጋት ለእነዚህ ሰዎች እጥፍ ችግር ነው፤ ጡንቻው ውስጥ ደም ሊቋጥር ይችላል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። እሱም በከፍተኛ መጠን ለቀናት ከተወሰደ አይኤንአርን ከፍ ያደርጋል። ዋግምት የሚያስቡም ካሉ ይቅርባቸው።

ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወጥ ውስጥ መግባታቸው አያሳስብም። በእንክብል መልክ ወይም በየቀኑ ጨምቆ በብዛት መውሰድ ግን ሌላ ነገር ነው። የባህል መድኃኒት የጀመረም ሰው ለሐኪሙ ይንገር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዋርፋሪን ለምን አልተጣለም? ክኒኑ ርካሽ ነው። ኩላሊት ቢደክምም ይሠራል። ማርከሻው ቫይታሚን ኬ ነው። ቶሎ ማርከስ ሲያስፈልግ ደግሞ ፕላዝማ ይሰጣል፤ በትልልቅ ሆስፒታሎች ይገኛል። አይኤንአር ሐኪሙም ታማሚውም መድኃኒቱ መሥራቱን በዓይናቸው የሚያዩበት ቁጥር ነው። በተጨማሪም ሌላው ሁሉ የማይሆንላቸው ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። እነሱን ወደ ኋላ እናገኛቸዋለን።

አዲሶቹ፦ አራት ናቸው

«አዲስ» የሚባሉት ለዚህ የልብ ምት መዛባት ከ2010 ጀምሮ የተፈቀዱት ናቸው። ዳቢጋትራን ትሮምቢንን ራሱን ይዞ ያግደዋል፤ ሐሳቡ ከአልቅቱ ሂሩዲን ጋር አንድ ነው። ሪቫሮክሳባን፣ አፒክሳባንና ኤዶክሳባን ከትሮምቢን አንድ እርከን በፊት ያለውን አሥረኛውን ፋክተር ያግዳሉ። በሰዓታት ውስጥ ይሠራሉ። አይኤንአር አያስፈልጋቸውም። ከጎመን ጋር ጠብ የላቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷቸዋል።

ወደ አንጎሉ ቁጥር እንሂድ። ከ18 ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ሪ-ላይ ጥናት (2009) ዋርፋሪን ከወሰዱት በዓመት 0.74 በመቶው ራስ ቅል ውስጥ ደሙ። ዳቢጋትራን 150 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ከወሰዱት 0.30 በመቶው። አሪስቶትል (2011) አፒክሳባንን ከዋርፋሪን ጋር አወዳደረ፦ 0.33 በመቶ ለ0.80። የአራቱ መድኃኒቶች ዋና ዋና ጥናቶች በ2014 በአንድ ላይ ሲታዩ፣ በ71,683 ሰዎች ላይ፣ የራስ ቅል ውስጥ መድማት በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። የጨጓራና አንጀት መድማት ግን 25 በመቶ ጨምሯል።

ለምን አንጎል ላይ ይህን ያህል ልዩነት መጣ? አንጎል ቲሹ ፋክተር የሚባል ደም ማርጊያ ቀስቃሽ በብዛት አለው። ትንሽ የደም ሥር ስትቀደድ ቲሹ ፋክተር ከሰባተኛው ፋክተር ጋር ተገናኝቶ ቀዳዳዋን እዚያው ያስደፍናል። ዋርፋሪን ሰባተኛውንም ፋክተር ይቀንሳል። አዲሶቹ አይነኩትም። ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ማብራሪያ ይህ ነው፤ እኔንም ያሳምነኛል።

እርስ በርስ ሲወዳደሩ አንድ አይደሉም። ዳቢጋትራን በቀን ሁለቴ ይወሰዳል። 80 በመቶው በኩላሊት ይወጣል፤ ስለዚህ ለደከመ ኩላሊት አይመከርም። ጨጓራ ያቃጥላል። ካፕሱሉ እርጥበት አይወድም፤ ከማሸጊያው አውጥቶ በክኒን ሳጥን ማስቀመጥ አይቻልም። ከፍቶ ዱቄቱን መዋጥም ክልክል ነው። ጥሩ ጎኑ ማርከሻው ነው። ኢዳሩሲዙማብ የተባለው ማርከሻ በ2015 ወጥቷል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል። ችግሩ ውድ ነው፤ ያለው ሆስፒታልም ጥቂት ነው።

ሪቫሮክሳባን በቀን አንዴ ነው። ይህ ብዙ ሰው የሚወድለት ነገር ነው። የ20 ሚሊግራሙ ክኒን ግን ከምግብ ጋር ካልተወሰደ በወጉ አይመጠጥም። በባዶ ሆድ ማለዳ መዋጥ ገንዘብ ማባከን ነው። ጿሚ ሰው ከማታ ራቱ ጋር፣ ረመዳን የሚጾም ከኢፍጣር ጋር ቢያደርገው ይመቻል።

አፒክሳባን በቀን ሁለቴ ነው፤ ከምግብ ጋርም ያለምግብም ይሆናል። በኩላሊት የሚወጣው ሩብ ያህሉ ነው። ከአራቱ ለኩላሊት የሚራራው እሱ ነው። በአሪስቶትል ጥናት ከባድ መድማት በዓመት 2.13 በመቶ ነበር፤ በዋርፋሪን 3.09። ምርጫው ለእኔ ቢሰጠኝ፣ ቫልቩ ደህና ለሆነ አዛውንት አፒክሳባንን አስቀድማለሁ። ከመጠኑ ጋር የተያያዘ አንድ ስህተት ግን በተደጋጋሚ ይሠራል። ትክክለኛው መጠን 5 ሚሊግራም ሁለቴ ነው። ወደ 2.5 የሚወርደው ከሦስት ነገሮች ሁለቱ ሲሟሉ ነው፦ ዕድሜ 80 ወይም በላይ፣ ክብደት 60 ኪሎ ወይም በታች፣ ክሪያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) 1.5 mg/dL ወይም በላይ። እኛ ዘንድ 60 ኪሎ የማይሞላ ብዙ ነው። ክብደት ብቻውን ግን አንድ ነጥብ ነው። «ቀጭን ናት፣ ትንሹ ይበቃታል» ማለት ግማሽ ጥበቃ መስጠት ነው።

ኤዶክሳባንን እዚህ አልዘረዝረውም። በቀን አንዴ የሚወሰድ ከሪቫሮክሳባን ጋር የሚቀራረብ መድኃኒት ነው።

የአራቱም የጋራ ድክመት ከጥንካሬያቸው ይመነጫል። ቶሎ ይሠራሉ፣ ቶሎም ይጠፋሉ። በአንድ ቀን ውስጥ ጥበቃው ያልቃል። ዋርፋሪን አንድ ቀን ቢረሳ ብዙ አይናጋም። አፒክሳባን ሁለት ቀን ከተቋረጠ ታማሚው ያለመድኃኒት ነው። ሪፋምፒሲንም እነዚህን ያዳክማቸዋል። አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችም ከእነሱ ጋር ይጋጫሉ።

እንግዲህ የትኛው ለማን?

አሁን ወደ ቫልቩ። ቶንሲል በወቅቱ ሳይታከም ቀርቶ የሚመጣው ሩማቲክ የልብ ሕመም ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ወጣት ይዟል፣ በተለይ ሴቶችን። አዲሶቹ መድኃኒቶች የተሞከሩባቸው ትልልቅ ጥናቶች ግን እንዲህ ያሉ ታማሚዎችን በአብዛኛው አላካተቱም። ማይትራል ቫልቭ በመጠኑም ሆነ በጣም የጠበበበት ሰው ከጥናቶቹ ውጭ ነበር። ለዚህ ነው በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት ለእኛ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው። በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ 24 አገሮች ተካሄደ። 4,531 ሩማቲክ ታማሚዎች ተመዘኑ። አማካይ ዕድሜያቸው 50 ገደማ ነበር፤ 72 በመቶው ሴቶች ናቸው። ግማሾቹ ሪቫሮክሳባን፣ ግማሾቹ ዋርፋሪንን የመሰለ መድኃኒት ወሰዱ።

ብዙዎች አዲሱ ያሸንፋል ብለው ጠብቀው ነበር። አላሸነፈም። ስትሮክ፣ ወደ ሌላ አካል የሄደ የረጋ ደም፣ የልብ ደም ሥር መዘጋት (ሃርት አታክ) ወይም ከልብና ከደም ሥር የመጣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት የደረሰባቸው ከሪቫሮክሳባን ወገን 560 ሰዎች ናቸው። ከዋርፋሪን ወገን 446። ልዩነቱ በዋናነት የመጣው ከሞት ነው። በከባድ መድማት ረገድ ጉልህ ልዩነት አልታየም። ልብ በሉ፣ ሲጀመር የዋርፋሪን ወገን አይኤንአር በልኩ የነበረው ሲሶ ያህሉ ብቻ ነው። በኋላም ከ56 እስከ 65 በመቶ ነው የደረሰው። ማለትም ዋርፋሪን ፍጹም ሳይያዝም በልጧል።

ሁለተኛው ወገን የብረት ቫልቭ የተገጠመላቸው ናቸው። እነሱ ላይ ዳቢጋትራን ተሞክሮ በ2012 ጥናቱ ተቋረጠ፤ የረጋ ደሙም መድማቱም በዝቶ። አፒክሳባን ኦን-ኤክስ በተባለው ቫልቭ ላይ ተሞክሮ በ2022 እሱም ተቋረጠ። ስለዚህ የብረት ቫልቭ ወይም የጠበበ ሩማቲክ ማይትራል ቫልቭ ያለው ሰው መድኃኒቱ ዋርፋሪን ነው። ከውጭ የተላከ ኤሊኩዊስ በነጻ ቢመጣም አይቀየርም። ይህን አንድ መስመር ለቤተሰብ ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ቫልቩ ደህና ከሆነ በአብዛኛው አዲሶቹ ይበልጣሉ። መጀመር ያስፈልግ እንደሆነ የሚለካው በነጥብ ነው። የልብ ድካም፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የደም ሥር በሽታ፣ ከ65 እስከ 74 ዕድሜ እና ሴት መሆን አንድ አንድ ነጥብ አላቸው። 75 ዓመት መሙላትና ቀድሞ ስትሮክ መመታት ሁለት ሁለት። ለወንድ ሁለት፣ ለሴት ሦስት ነጥብ ከሞላ መድኃኒቱ ይመከራል። ለጠበበው ሩማቲክ ቫልቭ ይህ ነጥብ አያገለግልም፤ እነሱ ነጥብ ሳይቆጠር ይጀምራሉ።

ዋጋን ሲያወዳድሩ ክኒኑን ብቻ አይቁጠሩ። ከገጠር ለአይኤንአር የሚመጣ ሰው የመኪና፣ የማደሪያና የቀረበት የሥራ ቀን አለው። ጤና ጣቢያው አይኤንአር የማይሠራ ከሆነ ዋርፋሪን ርካሽ ነው ማለት ያስቸግራል። በሌላ በኩል አዲሱን ለመጀመር ለስድስት ወር የሚሆን ገንዘብ መኖሩ አይበቃም። መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነው። አቅርቦቱ የሚቆራረጥበት ቦታ ላይ የሚኖር፣ አይኤንአር ግን በቅርቡ የሚያገኝ ሰው ዋርፋሪን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

ዋርፋሪን ላይ ለዓመታት ተረጋግተው የኖሩ አዛውንትስ? አይነኩ። ፍሬይል-ኤኤፍ የተባለ የኔዘርላንድስ ጥናት (2023) ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ደካማ ታማሚዎችን ከዋርፋሪን መሰል መድኃኒት ወደ አዲሶቹ ሲያዛውር መድማት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ለመውለድ የሚያስቡ ሴቶች ከማርገዛቸው በፊት ከልብ ሐኪም ጋር ይነጋገሩ። ዋርፋሪን በእንግዴ ልጅ በኩል ያልፋል፤ በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። አዲሶቹ ለእርጉዝ አይመከሩም። የሄፓሪን መርፌ አማራጭ አለ፤ የብረት ቫልቭ ላላት ግን ነገሩ ውስብስብ ነውና በራስ ውሳኔ ማቆም እናቲቱን ለሞት ሊዳርግ ይችላል። ጡት ለማጥባት ዋርፋሪን ችግር የለውም።

«የመርሳት በሽታ እንዳይዘኝ ደም ማቅጠኛ ልውሰድ?» የሚልም አለ። ትሮምቢን አንጎል ላይ የሚሠራውን ካነበበ ሰው ጥያቄው አይገርምም። ብሬይን-ኤኤፍ የተባለው የካናዳ ጥናት ውጤት በ2024 ይፋ ሆኗል። የልብ ምታቸው በተዛባ፣ የስትሮክ ስጋታቸው ግን ዝቅተኛ በሆነ ሰዎች ላይ ሪቫሮክሳባን የአስተሳሰብ መቀነስን አልከላከለም። ለዚህ ብሎ መጀመር መድማትን በከንቱ መግዛት ነው።

በሻንጣ የሚመጣ መድኃኒት

ከውጭ ዘመድ የሚልከው ዋርፋሪን በቀለም እንዳይለይ። በአሜሪካ ሮዝ ቀለም ያለው ክኒን 1 ሚሊግራም ነው። በእንግሊዝ ሮዙ 5 ሚሊግራም ነው። አምስት እጥፍ! ሰማያዊው በአሜሪካ 4፣ በእንግሊዝ 3 ነው። ሁሌም ሚሊግራሙን ያንብቡ፤ ከማሸጊያው ወጥቶ በላስቲክ የተላከ ከሆነ አይውሰዱት። ኤሊኩዊስ አፒክሳባን፣ ዛረልቶ ሪቫሮክሳባን፣ ፕራዳክሳ ዳቢጋትራን መሆናቸውንም ይወቁ። የንግድ ስማቸው ስለተለያየ ብቻ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ አደገኛ ነው።

ድንገተኛ ሲሆን

ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ወዲያው ሆስፒታል ነው። የረጋ ደም የሚያሟሙ መርፌዎች፣ አልቴፕሌዝና ቴኔክቴፕሌዝ፣ በመደበኛነት የሚሰጡት ምልክቱ በጀመረ 4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። አይኤንአሩ ከ1.7 በላይ ከሆነ አይሰጥም። ከአዲሶቹ አንዱን ባለፉት 48 ሰዓታት ከወሰደም በአብዛኛው አይሰጥም። የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ጎትቶ ማውጣት ግን፣ በሚሠራበት ሆስፒታል፣ ደም ማቅጠኛ ስለወሰዱ ብቻ አይከለከልም። ስለዚህ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የመጨረሻው ክኒን የተዋጠበት ሰዓት በወረቀት ተጽፎ ኪስ ውስጥ ይኑር። ታማሚው መናገር ካልቻለ የሚናገርለት ያ ወረቀት ነው።

ወድቀው ጭንቅላታቸውን የተመቱ ከሆነ ደህና ነኝ ቢሉም ይመርመሩ፣ ሲቲ ስካን ይነሱ። ደሙ ቀስ ብሎ ሊፈስ ይችላል፤ ራስ ምታቱ በማግስቱ ሊመጣ ይችላል። ጥቁር ሰገራ፣ ቀይ ሽንትና የማያቆም ነስርም የሚያስኬዱ ናቸው። ለጥርስ መነቀል ግን መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ። አይኤንአር በልኩ ከሆነ አንድ ጥርስ ለማስነቀል ዋርፋሪን ማቆም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ የጥርስ ሐኪሙ ቀድሞ ማወቁ ብቻ ይበቃል።